አንዴ ተሞክሮ ያልሠራ ስም

እንደምን ዋልሽ አንቺዬ… የስፌት መኪናሽ ዛሬ ድምፁ ለስለስ ብሏል፣ ዘይት ነካ አደረግሽው መሰለኝ። አይ፣ አትነሺልኝ፤ ከመስኮቱ ሥር ያለችው በርጩማ ትበቃኛለች። ውጪው እንደሆነ ጸሐይ ነው ስትዪው ይነፍሳል፣ ይነፍሳል ስትዪው ይሞቃል… ለብሼ የወጣሁትን ሹራብ ታቅፌው መጣሁ። ታላቅ እህቴ እትዬም አብራኝ አለች፤ ይኸው ከመጋረጃው ኋላ ቀሚሷን እየለካች ነው። ቅዳሜ ዘመድ አዝማዱ የልጄን ልጅ ሊያይ ይመጣ የለ? ለዚያ ነው። ተይ፣ ዚፑን ልርዳት ብለሽ አትነሺ። ለእትዬ እምቢ የሚል ዚፕ ደግሞ የት አለ?

ጫማዬን ምን ታይብኛለሽ? አዎ፣ አነክሳለሁ። ሻጩ «አሁን ይያዝሽ እንጂ ስትራመጂበት ይሰፋል» አለኝ፣ እኔም እሺ አልኩት። ይኸው እስከዛሬ እየተራመድኩ አለሁ። የእንዲህ ያለችውን ሴት ስም ለማያውቃት ሰው ብትነግሪው ያምንሻል? አባቴ ነፍሱን ይማረውና ምን አይቶብኝ ነው እላለሁ። አሁን አንድ ፍሬ ሕፃን ታቅፎ፣ ትርጉሙ ብርታት፣ ጉልበት፣ ክንድ የሆነ ስም ይሰጣል? በአደባባይ ስሜ ሲጠራ ሰው ሁሉ ወደ በሩ ይዞራል፤ ጦር የሚገባ መስሎት። የምገባው ግን እኔ ነኝ፣ ሹራቤን ታቅፌ።

መሥሪያ ቤትም ያው ነው። ክሊኒኩ ካርድ ክፍል ውስጥ ቀኑን ሙሉ «አንቺ»፣ «እስቲ ስሚ»፣ «ባለ መነጽሯ» ነው የምባለው። የእረፍት ቀን ተረኛ የጠፋ ዕለት ግን ስሜን የማያስታውስ የለም፤ አለቃው ሳይቀር አሳምሮ ይጠራዋል። አውቶቡስ ውስጥ ወንበሬ ላይ የተቀመጠብኝን ሰውዬ ይቅርታ ጠይቄ ቆሜ የሄድኩ ሰው ነኝ እኮ! ቦርሳውንም ያዢልኝ አለኝ… ያዝኩለት።

በይ ያቺን ብርድ ልብስ አምጪያት። የሕፃኗን ነዋ። የምትወልደው ሴት መሆኗን ሐኪሙ ለልጄ የነገራት ቀን ነው አይደል ይዛልሽ የመጣችው? «የእማዬን ስም ጥለፊበት» ብላ። ለእኔ ሳትነግረኝ! ነገሩን የሰማሁት አንዲት ሴት መጥታ ካስተረተረችሽ በኋላ ነው። አንዲት ሴት ነው ያልኩት… አንቺ ማን እንደመጣ አይተሻል፣ እኔ አላየሁም፤ ስለዚህ አንዲት ሴት ልበላት። እትዬ እንዳትመስልሽ ብቻ! እትዬ እንዲህ ያለ ነገር ታደርጋለች እንዴ? የሰው ልጅ ስም ውስጥ እጇን ታስገባለች? ከመጋረጃው ኋላ እየሰማችን እንኳ ራሷን እየነቀነቀች ይሆናል።

ሴትዮዋ ግን ጎበዝ ናት፤ ነገር መካድ አልወድም። ስልኳን ከፍታ ከየአገሩ የብርቱ ሴት ስም ስትለቅም ሰነበተች። መጀመሪያ ቫለንቲና አለች፣ ብርቱ ማለት ነው። እሱን ጠልፈሽ ሳትጨርሺ ተረተርሽ፣ ምነው ሲባል የጎረቤቷ ድመት ስም ሆኖ ተገኘ። ቀጥሎ ኢማራ አለች፤ በስዋሂሊ ጽኑ ማለት ነው አሉ። እሱ እንኳን አምሮኝ ነበር፣ እውነቴን ነው… አጭር ነው ብላ ጣለችው። አሁን ማቲልዳ ላይ ደርሰናል። በጦርነት ኃያል ማለት ነው። አንገቷን ቀና ማድረግ ላልቻለች ልጅ! ስሞቹ ምን አደረጉ፣ ሁሉም ያማሩ ናቸው። እናትየዋ ወዳ የሰጠቻት ቢሆን ማቲልዳም ያምርባት ነበር።

ብርታቷን ካነሳሁ አይቀር ሁሉንም ልንገርሽ። ይቺ ሴት ለማንም ምንም አታስቸግርም፤ ሁሉን ራሷ ወስና ትጨርስልሻለች። አንዲት እህት አለቻት፣ አታውቂያትም፣ የዋህ ነገር ናት። የእህቷን የሳሎን መጋረጃ የመረጠችው እሷ፣ የእህቷን ልጅ ትምህርት ቤት የመረጠችው እሷ፣ እህቷን ለጋብቻ ሊጠይቅ የመጣውን የመጀመሪያውን ሰው «ቁመቱ አልጣመኝም» ብላ ከበር የመለሰችው እሷ። ሰውየው አሁን ትልቅ ሱቅ አለው፤ በዚያው ቁመቱ። እህትየው ታዲያ እሺ እንጂ ሌላ ቃል ከአፏ አልወጣም። እንዲህ ያለ ሰው ጠንካራ እህት ባይሰጣት ምን ይውጣት ነበር?

ልጆቿማ! የእሷን ብርታት ወርሰው በየፊናቸው እልም ብለው ሄደዋል። እሑድ ትደውልላቸዋለች። «እማ፣ ስብሰባ ላይ ነኝ» ይሏታል። እሑድ! ሁሉም በአንድ ጊዜ ስብሰባ ላይ… እንዴት ያሉ ትጉህ ልጆች ናቸው? ከዚያ እህቷ ቤት ትመጣለች፣ ሶፋው ላይ ትቀመጣለች፣ ሶፋው የተቀመጠበት ቦታ ልክ አይደለም ትላለች። እህቷም ሶፋውን ትገፋለች።

አይ፣ እትዬ ዝም ስትል ዚፑ ገብቶላት ነው። አታስቢ።

ባለፈው ምን ሆነ መሰለሽ… ልጄ አልጋዋ ላይ ሕፃኗን እያጠባች፣ እኔ እግሯ ሥር ተቀምጬ የሕፃኗን ልብስ እያጣጠፍኩ፣ ያቺ ሴት መሐል ቤት ቆማ ነበር። ልጄ «እኔ እኮ የእማዬን ስም ነው የፈለግኩት» አለች፣ ቀስ ብላ። ሴትዮዋ ሳቀች። «እሱ ስም አንዴ ተሞክሮ አልሠራም» አለች። አላማረችም እንዴ አነጋገሯ? እኔ ራሴ ሳቅኩ። የልጄ ባል ሳቀ። እውነት ነዋ! ስሙ እኔ ላይ ሲወጣ ባትሪ ሳይገባበት ነው የወጣው። ልጄ ግን አልሳቀችም። ቀና ብላ አየችኝ። አንዲት ቃል ነበር የምትጠብቀው፣ አንዲት ቃል ብቻ… እኔ ብርቱዋ፣ እኔ ክንድ፣ ምን አልኩ? «እሺ፣ ሻይ ላፍላ» አልኩ።

ከፋኝ አንቺ። ስለ እኔ አይደለም፣ እኔ ጫማውንም ለምጄዋለሁ። ልጄ ዓይኗን መለሰችና ሕፃኗን ማየት ጀመረች። የእኔን ዓይነት ዝምታ ዝም አለች። እንግዲህ ይሄን ነው ያወረስኳት ብዬ፣ ወጥ ቤት ገብቼ ውሃው እስኪነጥፍ ሳፈላ ቆየሁ።

ዛሬም የመጣሁት ተልኬ ነው። «ማቲልዳ በወርቃማ ክር፣ ጎላ ተደርጎ» በያት ተብያለሁ። መልእክቱ የዚያች ሴት ነው፤ እትዬ አደረሰችው እንጂ የለችበትም። ቅዳሜ ዘመዱ ሁሉ ብርድ ልብሱ ላይ ያነበበውን ሲጠራ ይውላል፣ ከዚያ ወዲያ ማን ይመልሰዋል? እሺ ብዬ ነው የመጣሁት… እስቲ ወደ ብርሃኑ አዙሪያት። አየሽ? ስንቴ ተተርትሮ፣ ስንቴ ካውያ አርፎበት፣ የመጀመሪያው ስም የመርፌ ቀዳዳ ይኸው አለ። በጣትሽ ዳሰስ አድርጊው፣ ይነበባል እኮ! እኔ ብሆን ይሄኔ ጠፍቼ ነበር። ጨርቁ ከእኔ ይሻላል።

በይ በዚያው በቀዳዳው መልሰሽ ስፊው። የእኔን ስም። ሰምተሽኛል። ወርቃማውን ክር አልፈልግም፣ ልጄ የመረጠችው ሰማያዊው ይሁን። ጎላም አታድርጊው፣ በልኩ። ምን አፈጠጥሽብኝ? ያቺ ሴት ብትቆጣስ? ትቆጣለች እንጂ! እኔም እሺ እላታለሁ፣ ሌላ ምን አውቃለሁ? እሺ እያልኳት ብርድ ልብሷን ይዤ እወጣለሁ። አንዲት ክር አላስነካም።

እንዴ፣ እትዬ! ወጣሽ? እንዴት አምሮብሻል! ዚፑ ወገብሽ ላይ ቆሞ ቀረ እንዴ… ዙሪ፣ እኔ አለሁልሽ፣ ዙሪ። ስለ አንዲት ሴት እያወራን ነበር፣ አንቺ አታውቂያትም። ልመርቃት ስል ደረስሽ፤ ነይ አብረን እንመርቃት። ፈጣሪ ረጅም ዕድሜ ይስጣት። ዓይኗንም ጆሮዋንም ይጠብቅላት። ያቺ ሕፃን አድጋ፣ አፏን ፈታ፣ ፊቷ ቆማ «እምቢ» ስትላት ጥርት አድርጋ እንድትሰማ ያብቃት። ያን ቀን ሆድ ሲብሳት፣ ልጆቿም ስብሰባ ላይ ሲሆኑ፣ መሄጃ አያሳጣት። ያቺን የማትረባ እህቷን ያቆይላት፤ በሯን ከፍታ «እሺ፣ ግቢ» የምትላትን።

አሜን በዪ እንጂ እትዬ…