ኤሲ ጋዝ አይበላም

ቅዳሜ ጠዋት ቶፉ፣ የአኩሪ አተር አይብ፣ ልገዛ ወጥቼ የባሕሩ ውሃ መንገዱን ስለዘጋብኝ ግድግዳ ተደግፌ ቆሜ ነበር። በኢንዶኔዥያዋ ሴማራንግ ወደብ ሰፈር ለምንኖር ሰዎች ይህ ዜና አይደለም። ውሃው ሲመጣ እንቆማለን፣ ሲመለስ እንሄዳለን። እንዲህ እንደቆምኩ ፓክ ዋሲሚን ሞተር ሳይክላቸውን እየገፉ፣ መሰላል በትከሻቸው አንግተው በውሃው መሀል መጡ። ከኋላቸው የወንድማቸው ልጅ ናስቲቲ ሱሪዋን እስከ ጉልበቷ ጠቅልላ፣ በአንድ እጇ ሻንጣ የሚያህል ማሽን፣ በሌላው ባዶ ሲሊንደር ይዛ ትከተላለች።

ፓክ በእኛ ዘንድ አቶ እንደማለት ነው፤ ፓክ ዋሲሚን በሰፈራችን ሠላሳ ዓመት የአየር ማቀዝቀዣ፣ ኤሲ፣ ሲጠግኑ የኖሩ ሰው ናቸው። ናስቲቲ ከሙያ ትምህርት ቤት ተመርቃ ከመጣች ሦስት ወሯ ነው። እኔ ፀጉር አስተካካይ ነኝ። የተማርኩት ከደንበኞቼ ነው፤ ሰው አንገቱ ላይ ምላጭ ሲያርፍበት ብዙ ይናገራል።

“ካስሙሪ፣ ሥራ ከፈታህ ና መሰላሉን ያዝልኝ” አሉኝ።

“ወዴት ነው?”

“አዋላጇ ቡ አምባር ክሊኒክ። የወሊድ ክፍሉ ኤሲ ጋዝ ጨርሷል።”

“በቅርቡ ሞልተውት አልነበር?”

“ሁለት ወር ሆነው። ይበላል። አንዳንዱ ማሽን ሆዳም ነው።”

“ኤሲ ጋዝ አይበላም፣ ፓክዴ” አለች ናስቲቲ ከኋላ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። ፓክዴ የምንለው የአባታችንን ታላቅ ወንድም ነው። አክብሮት የሞላበት ጥሪ ስለሆነ ከእሱ ጋር የፈለጉትን ተቃውሞ አያይዞ መናገር ይቻላል።

“ሰማህ? ሞተሬ ቤንዚን ይበላል፣ እኔ ሩዝ እበላለሁ፣ ኤሲው ግን ጾመኛ ነው ትላለች።”

ይሳቁ እንጂ ነገሩ የሚያስቅ አልነበረም። ቡ እንደ ወይዘሮ ነው፤ ቡ አምባር ስምንት ኤሲ አላቸው፤ ለፓክ ዋሲሚን ከቀሩት ደንበኞችም ትልቋ እሳቸው ናቸው። የወሊድ ክፍሉ ማሽን አንድ ጊዜ እንኳ ደግሞ ከደከመ፣ ሰኞ ከመሀል ከተማ የሚመጣ ኩባንያ ስምንቱንም እንደሚረከብ ቁርጡን ነግረዋቸዋል። ይህን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ፓክ ዋሲሚን ራሳቸው ፂማቸውን ስላጭ ነግረውኛል።

ከክሊኒኩ ጓሮ፣ የሕፃናት ጨርቅ ከተሰጣበት ገመድ በላይ፣ የማሽኑ የውጭ ክፍል ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ያጓራል። መሰላሉን ያዝኩ። የፓክ ዋሲሚንን አሠራር አውቀዋለሁ፤ ከመሙላታቸው በፊት ቫልቩን ላላ አድርገው ጋዙን ሽሽሽ ያሰኙታል። ደንበኛው እጁን ያስጠጋል፣ ይቀዘቅዘዋል፣ ደስ ይለዋል። ያ ድምፅ ካልተሰማ ሥራ የተሠራ አይመስለውም። አልፈርድባቸውም። እኔም ፀጉሩን ቆርጬ ከጨረስኩ በኋላ በመቀሴ ባዶ አየር ጥቂት እቆርጣለሁ።

እጃቸው ቫልቩ ጋ ሲደርስ ናስቲቲ፣ “ፓክዴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና አንዴ ይቆዩ” አለች።

“ምን ሆንሽ?”

“ያንን ጋዝ ለሰማይ አይስጡት።”

“ሰማይ ጠበበው? ሠላሳ ዓመት ስሰጠው እምቢ ብሎኝ አያውቅም።”

“የዚህ ጋዝ አንድ ኪሎ ዓለምን የሚያሞቀው ሁለት ሺህ ኪሎ የካርቦን ዳይኦክሳይድ አየር የሚያሞቀውን ያህል ነው።”

“አየር በምን ሚዛን መዘንሽ፣ ንዱክ?” ንዱክ በእኛ ዘንድ ልጄ እንደማለት ነው፤ ሽማግሌ ሲሸነፍም ይጠራዋል፣ ሊያሸንፍ ሲልም ይጠራዋል።

“ሚዛኑን ይተዉት፣ በሞተርዎ ልንገርዎት። እዚህ በየሁለት ወሩ የሚጨምሩት ሦስት መቶ ግራም ይሆናል። ያ ሦስት መቶ ግራም አየር ላይ ሲወጣ፣ እርስዎ በሞተርዎ ጃካርታ አሥራ ሁለት ጊዜ ያህል ደርሰው ቢመለሱ ሞተሩ የሚያጨሰውን ያህል ነው።”

ፓክ ዋሲሚን ወገባቸውን ያዙ። ጃካርታ በሞተር አንድ ጊዜ ሄደው ሳምንት ሙሉ ወገባቸው አልቀና ብሎ እንደነበር አስታወስኩ።

“ለአንድ ማሽን?”

“ለአንድ ማሽን፣ ለአንድ ሙሌት።”

“ታዲያ ምን ይጠበስ? የሚሞቀው ዓለም ነው፣ የሚቀዘቅዘው የኔ ደንበኛ።”

“ዓለም ሲሞቅ ሰው ኤሲ ይጨምራል፤ ኤሲው ሲያፈስ ዓለም ይብስ ይሞቃል። ባሕሩም ይወጣል። ቤትዎን ይመልከቱ።”

ፓክ ዋሲሚን ይህን ሲጠብቁ የነበሩ ይመስል ከመሰላሉ አንድ እርከን ወረዱ።

“ቤቴን ተዪው። ቤቴ የሚሰምጠው መሬቱ ስለሚሰምጥ ነው። ከተማው በሙሉ ከሥሩ ውሃ ይመጥጣል። መሐንዲሶቹ መጥተው ነግረውናል፣ ካስሙሪም ነበረ።”

ነበርኩ። ፓክ ዋሲሚን ወለላቸውን ሦስት ጊዜ በአፈር ሞልተው ከፍ ስላደረጉት፣ ዛሬ ሰው ሳያጎነብስ ቤታቸው አይገባም። የማያከብራቸው ሰው እንኳ እጅ እየነሳ ይገባል።

“ልክ ነዎት” አለች ናስቲቲ። የተማረ ሰው እንዲህ ሲል ብዙ ስለማልሰማ ጆሮዬን አቀናሁ። “አብዛኛው የመሬቱ መስመጥ ነው። ግን ቤትዎ ሲወርድ ባሕሩ ቁጭ ብሎ አይጠብቅም፣ እሱም በበኩሉ ይወጣል። መሬቱን እኔና እርስዎ አናቆመውም። ቫልቩን የያዘው ግን የእርስዎ እጅ ነው።”

ፓክ ዋሲሚን እጃቸውን አዩት። ከዚያ ቀስ ብለው፣ እኔ እንዳልሰማ መስሏቸው፣ “ጋዙ ካልጎደለ ማን ይጠራኛል?” አሉ።

እውነተኛው ክርክር ይህ ነበር። ሰማዩና ባሕሩ እዚህ እስክንደርስ የመጣንበት መንገድ ነበሩ።

“ለማጠብ ይጠሩዎታል፣ ፓክዴ። ማጣሪያው ይቆሽሻል፣ ማራገቢያው አቧራ ይይዛል። የቆሸሸ ማሽን መብራት ይፈጃል፤ የኛ መብራት ደግሞ ከድንጋይ ከሰል ነው የሚመጣው። ለማጠብ የሚመጣ ሰው በዓመት ሦስቴ ይፈለጋል። በየሁለት ወሩ ጋዝ የሚሞላ ሰውን ግን አሁንስ ማን እየጠራው ነው? ሰኞ የሚመጣው ሌላ ሰው ነው።”

ይህን ስትል የጓሮው በር ተከፈተና ቡ አምባር ጓንታቸውን እንዳደረጉ ብቅ አሉ።

“ሁለት ወላዶች እንደ ዳቦ እየበሰሉብኝ ነው። እናንተ ስብሰባ ላይ ናችሁ?”

“ቡ አምባር” አለች ናስቲቲ፣ “አንድ ሰው በየሁለት ወሩ እየመጣ ደም ጨምሩልኝ ቢልዎት ምን ይሉታል?”

“የት ጋ ነው የሚደማህ እለዋለኋ። ምን ዓይነት ጥያቄ ነው?”

ፓክ ዋሲሚን መፍቻቸውን ከኪሳቸው አውጥተው መሰላሉ እርከን ላይ አስቀመጡ። “ፈልጊው” አሉ።

ናስቲቲ ሳሙና በውሃ በጥብጣ፣ በብሩሽ የቱቦዎቹን መጋጠሚያ አንድ በአንድ ቀባች። በአንደኛው ምንም የለም። በሁለተኛውም የለም። ሦስተኛው በነጭ ፕላስተር ሦስት ዙር ተጠቅልሎ፣ ጫፉ ወደ ውስጥ ታጥፎ ነበር። በሴማራንግ ፕላስተር እንዲህ የሚያጥፍ አንድ ሰው ብቻ ነው። ልጅቷ ፕላስተሩን ፈታ ስትቀባው አረፋው እንደ ዓሣ እንቁላል እያበጠ ፈነዳ፣ ሌላ ተተካ፣ እሱም ፈነዳ።

ቡ አምባር ቀረብ ብለው አዩ። “ይሄን ማን ነው የሠራው?”

ናስቲቲ አረፋውን ማየት ትታ የተሰጣውን ጨርቅ ማየት ጀመረች። መልሱን ለባለቤቱ ተወችለት፤ ይህንንም በትምህርት ቤት አስተምረዋት ከሆነ ጥሩ ትምህርት ቤት ነው።

“እኔ ነኝ” አሉ ፓክ ዋሲሚን። “ከስድስት ዓመት በፊት። የቱቦውን አፍ ለማጋጠም ሳሰፋ ቸኩዬ አጣመምኩት። ዳዶውን አጥብቄ ሸፈንኩት። ጋዝ እያልኩ ስሸጥልዎት የኖርኩት የገዛ ቀዳዳዬን ነው።”

ቡ አምባር ጓንታቸውን አጥብቀው ወደ ወላዶቻቸው ተመለሱ።

ከዚያ የሆነው ሁሉ ጸጥ ያለ ነበር። የናስቲቲ ማሽን በቱቦው የቀረውን ጋዝ ስቦ ባዶው ሲሊንደር ውስጥ ከተተው፤ ታጥቦ ሌላ ማሽን ውስጥ ይገባል አለችኝ። ፓክ ዋሲሚን የተበላሸውን ጫፍ ቆርጠው የመዳቡን አፍ እንደገና አሰፉት፣ በዚህ ጊዜ ሳይቸኩሉ። ልጅቷ ልታግዝ እጇን ዘርግታ ነበር፤ ሥራቸውን ስታይ ሰበሰበችው። ዳዶውን ግን ልኩ ሲደርስ ቀጭ ብሎ በሚናገረው በእሷ መፍቻ አጠበቁት፣ ልኩን ከሚያስቡት በጣም ያነሰ ሆኖ አገኙትና ሁለት ጊዜ ጠየቋት። ከዚያ በፓምፕ አየሩን ሁሉ አወጡ፣ ማሽኑ ላይ የተጻፈውን ያህል ጋዝ በሚዛን ለክተው ሞሉ። አረፋው ዳግም ሲቀባ እንደተቀባ ቀረ።

ቡ አምባር ተመልሰው ሲመጡ የግንባራቸው ላብ ደርቆ ነበር።

“ሰኞ ለሚመጡት ሰዎች ምን ልበላቸው?” አሉ።

“ሌሎቹን ሰባቱን ያሳዩዋቸው” አሉ ፓክ ዋሲሚን። “ሁሉም ላይ የኔ እጅ አለ። ያፈስሱ ይሆናል።”

“እነሱ የሠሩት ቢያፈስስ ይነግሩኛል?”

“አላውቅም።”

“እኔም አላውቅም። እርስዎ ግን ነገሩኝ። ሰባቱን እርስዎ ይፈትሹ፣ ልጅቷንም ይዘው ይምጡ። ለኩባንያው እኔ እደውላለሁ።”

ከሰባቱ ሦስቱ ያፈስሱ ነበር። ይህ ከሆነ ስምንት ወር አለፈ፤ ክሊኒኩ አንድም ጊዜ ጋዝ አልጠየቀም። የመብራቱ ፍጆታ ቀነሰ፤ ጋዝ የጎደለው ማሽን ሳያርፍ ይሠራ ነበር፣ የሞላው ግን ክፍሉን አቀዝቅዞ ያርፋል። ቡ አምባር በምዕራብ መስኮቶቹ ላይ የቀርከሃ መጋረጃ ሰቅለው ማሽኑን ሃያ ስድስት ዲግሪ ላይ ያደርጉታል፤ ሕፃናቱም ማስነጠስ ትተዋል ይላሉ፣ ይህን ግን ለሳይንስ እተወዋለሁ። ፓክ ዋሲሚን ከቀድሞ ይበልጥ ይጠራሉ፤ ያጥባሉ፣ ይፈትሻሉ፣ ድሮ የሠሩትን ቤት ለቤት እየዞሩ በራሳቸው ወጪ ያስተካክላሉ። አንዳንዱ ደንበኛ ድምፁ ሳይሰማ እንዴት ተሞላ ብሎ ይጠረጥራል። እሳቸው ታዲያ የጃካርታውን መንገድ ከወገብ ሕመሙ ጋር ይተርኩለታል። ባሕሩ አሁንም መንገዳችን ላይ ይመጣል። ከዚህ ሰፈር ግን ለባሕሩ የሚላክለት እርዳታ ቀንሷል።

ባለፈው ሳምንት የኔን ሱቅ ሊፈትሹ መጡ። ቱቦው ደህና ነበር። ፓክ ዋሲሚን ግን ወንበሬ ላይ ተቀምጠው ወለል ብሎ የተከፈተውን በሬን ለረጅም ጊዜ አዩት።

“ካስሙሪ፣ መንገዱን ነው የምታቀዘቅዘው?”

“ብርዱ ደንበኛ ይጠራል።”

“ስንቱ ገባ?”

እሳቸው ብቻ ነበሩ፣ እሳቸውም የመጡት ለሥራ ነው። በሩን ዘጋሁት። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ሰፈሩ የታመምኩ መስሎት ጠያቂ መጣ። ከጠያቂዎቹ ሦስቱን ፀጉራቸውን አስተካከልኳቸው።