ወይዘሮ አስካለች ጨንቻ የወጣች ዕለት

እንደ ወይዘሮ አስካለች ያሳፈረኝ ሰው የለም፤ ግን እስከ ዛሬ ስሟን ስጠራ ደስ ይለኛል። በደርግ ጊዜ አርባ ምንጭ ላይ አዲስ ያቋቋምነው የሸማኔዎች ማኅበር ሊቀመንበር ነበርኩ። ሥራው ሲሰፋ ከጨንቻ ደጋ ስድስት ጎበዝ ሸማኔዎች አመጣን። ሁለት ወር እንኳ ሳይቆዩ ተራ በተራ ሳይናገሩ ጠፉ። እኔም ተናድጄ ሁሉንም የሚያሰናብት ደብዳቤ ጻፍኩና የሠራተኛ ጉዳይ ለያዘችው ለወይዘሮ አስካለች ሰጠኋት።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ለምን እንደሄዱ ጠይቀዋል?» አለችኝ።

«ጥሎን የሄደን ሰው ምን ብዬ ልጠይቀው?»

ደብዳቤውን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና በማግስቱ በጭነት መኪና ጨንቻ ወጣች። በሦስተኛው ቀን ጫማዋ ጭቃ በጭቃ ሆኖ ተመለሰች። «ሁሉም ወባ ይዟቸው ተኝተዋል» አለች። «ደገኞች ናቸው፣ ቆላውን አልለመዱትም። ታመምን ብንል ያባርሩናል ብለው ፈርተው ነው።» ኪኒን የሚገዛበትን ወረቀት አስፈረመችኝ፤ ማደሪያቸውንም የወባ ትንኝ ከሚራባበት ረግረግ ዳር አስነስታ ከፍታው ላይ አደረገችላቸው።

ስድስቱም ተመለሱ። መጀመሪያ የመጣው ሽማግሌው ጋሽ ዶላ ነበር፤ ክስት ብሏል። እኔን አልፎ ቀጥታ ወደ እሷ ሄደና እጇን በሁለት እጁ ያዘ። «ልጄ፣ ቤቴ ድረስ መጥቶ ጤናዬን የጠየቀ አለቃ አይቼ አላውቅም» አላት። ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብሎ ከልቡ፣ «አንተስ ልጄ፣ ጤናህ ደህና ነው?» አለኝ።