ይሄንንስ ለማን አነበብክለት?

ከደብረ ታቦር ወደ አንበሳሜ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ፣ ከፊቴ አንዲት ባልቴትና ካርቶን የታቀፈ ጎልማሳ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል።

«አንተ ፍርድ ቤቱ በር ላይ ማመልከቻ የምትጽፈው አይደለህም? የእኔን የመሬት አቤቱታ የጻፍክልኝ?»

«ነኝ፣ እማማ።»

«ካርቶኑ ምንድን ነው?»

«መጽሐፍ ነው። እኔ የደረስኩት ልብ ወለድ። ባለሱቁ የሚገዛው ጠፋ ብሎ መለሰልኝ።»

«እንጀራ አይሆንህም እንዴ?»

«ይሆነኛል ብዬ ነበር። እንጀራዬ ማመልከቻው ነው።»

«ስንት ጊዜ ፈጀብህ?»

«ሰባት ዓመት።»

«ኧረ በስመ አብ! የእኔንስ በአንድ ጧት ነው የጨረስከው። አውራ ጣቴን ከማሳረፌ በፊት አንብበህ ስታሰማኝ አለቀስኩ።»

«አስታውሳለሁ።»

«ይሄንንስ ለማን አነበብክለት?»

«ለማንም።»

«ሚስትህስ?»

«የለችም።»

«በል እንግዲያ፣ እስክወርድ ለእኔ አንብብልኝ።»

አንዱን መዘዘና ቀስ ብሎ ማንበብ ጀመረ።

ሦስተኛው ገጽ ላይ ሲደርስ ባልቴቷ «ወራጅ አለ!» አሉ።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ ልጄ» ብለው ወረዱ።

መጽሐፉን ዘግቶ ካርቶኑ ውስጥ መለሰው።

እኔ መልሶ ያወጣው እንደሆነ ብዬ ስጠብቅ መውረጃዬን አለፍኩ።