ቅሬው ሁሉ ነካልኝ

(ደሴ፣ የአናጢው የጋሽ ይማም የእንጨት ሥራ ቤት፤ ጋሽ ይማም ቅዳሜ ሊሸጠው የተስማማበትን የመላጊያ ማሽን ይወለውላል፤ የእህቱ ልጅ ሰዓዳ ስልኳ ላይ አፍጥጣለች።)

ሰዓዳ፦ ጋሼ፣ ጨርቁን ያስቀምጡና ይንገሩኝ! ለማን ለማን ነው ያወሩት?

ጋሽ ይማም፦ ምኑን?

ሰዓዳ፦ ማስታወቂያውን! አልጋዎን ኢንተርኔት ላይ ያወጣሁት ትናንት ጧት ነው። የሳምንት ብር ሞልቼበት ነበር፤ ዛሬ ጧት አልቋል።

ጋሽ ይማም፦ አልሐምዱሊላህ! ሰዉ ወዶታል ማለት ነዋ።

ሰዓዳ፦ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ጊዜ ተነክቷል። አንድ ሰው እንኳ ደውሎ «ስንት ነው?» አላለም።

ጋሽ ይማም፦ ዋጋውንማ ያውቁታል። የቅሬያችን ሰዎች ናቸው።

ሰዓዳ፦ የቀብር ዕድራችሁ ሰዎች?

ጋሽ ይማም፦ ከቀብር መልስ ቆሜ ለመንኳቸው። «ልጄ ስልክ ላይ አውጥታኛለች፤ ንኩልኝ፣ እንዳታሳፍሩኝ» አልኩ። ሰብሳቢያችን ይባረክና «ጧት አንድ፣ ማታ አንድ፤ ያልነካ ይቀጣል» ብሎ አስወሰነልኝ።

ሰዓዳ፦ ወይኔ ጉዴ! ጋሼ፣ ሰው በነካው ቁጥር እኮ የምንከፍለው እኛ ነን!

ጋሽ ይማም፦ እኛ? ነኪው አይደለም?

ሰዓዳ፦ እኛ! ለዚህ ነው የሚነካው ሰው አልጋ ፈላጊ መሆን ያለበት። ልጁን የሚድር፣ አዲስ ጎጆ የሚወጣ...

ጋሽ ይማም፦ ጉድ ነው! እማማ ሩቅያ በሰማንያ ዓመታቸው መነጽር ተውሰው ሦስቴ ነክተውልኛል። ውለታቸውን በምን እከፍላለሁ ስል ነበር።

ሰዓዳ፦ ከፍለዋል እኮ! ሦስቴ! ዛሬ እንደገና ብር ልሞላበት ነው፤ አሁኑኑ ሄደው «አትንኩ» ይበሏቸው።

ጋሽ ይማም፦ ትናንት ለምኜ ዛሬ «እጃችሁን ሰብስቡ»? ይማም ጠገበ ይሉኛል። ስሞት ማን ሊቀብረኝ ነው?

ሰዓዳ፦ ማሽኑስ? ሁለት አልጋ ብቻ ቢታዘዝ የቤቱን ኪራይ ከፍለን እናስቀረው ነበር። ቅዳሜ ሰውየው ጭኖት ሊሄድ ነው።

ጋሽ ይማም፦ አውቃለሁ፣ የኔ ልጅ። ሠላሳ ዓመት አብሮኝ ኖሯል። ደግሞ አንዱማ ታዟል።

ሰዓዳ፦ ምን? ማን አዘዘ?

ጋሽ ይማም፦ ሁሴን እንድሪስ፣ የቅሬያችን ሰው። ዛሬ ጧት ሊነካ ቢል ማስታወቂያው የለም። አፍሮ በእግሩ መጣ፤ «ይማም፣ ሳልነካልህ ቀረሁ፣ አትቀየመኝ» አለኝ። አልጋው ላይ ቁጭ ብሎ ሲያወራ እንጨቱን ዳሰስ ዳሰስ አደረገና ለልጁ ሰርግ አዘዘ። ቀብድም ሰጥቷል።

ሰዓዳ፦ እስካሁን ለምን አልነገሩኝም?

ጋሽ ይማም፦ መቼ አስተነፈስሽኝ? ደግሞ እሱ የስልክሽ ገበያ አይደለም ብዬ ነዋ።

ሰዓዳ፦ ቆይ... የነኩት ሁሉ ግዴታቸውን ተወጥተው ቤታቸው ተቀመጡ። የመጣው ያልነካው ነው?

ጋሽ ይማም፦ እሱን ነው የምልሽ! በይ ብር እንዳትሞዪበት። የቀረችን አንድ አልጋ ናት፤ ዛሬ ማታ መንካት ያቃተው ሁሉ ይቅርታ ሊለኝ በእግሩ ይምጣ።