የፊታውራሪው ሰዓት

ደሴ፣ ሸዋ በር፦ ጋሽ ውብሸት ሰዓት መጠገኛ ሱቃቸው ውስጥ አሮጌ የእጅ ሰዓት ከፍተው ያጸዳሉ፤ ባለሰዓቱ አንዳርጌ ባንኮኒው ላይ ተደግፎ ይከራከራቸዋል።

አንዳርጌ፦ አይወልውሉት አልኩ፣ ጋሼ። ጭረቱን ይተዉልኝ። እንዲያውም ትንሽ ቢጨምሩበት ደስ ይለኛል።

ጋሽ ውብሸት፦ ሰው አሮጌውን አድስልኝ ብሎ ይመጣል፤ አንተ አስረጅልኝ ትላለህ። ሞላውን ቀየርኩልህ፣ የደረቀውን ዘይት አጠብኩልህ፣ ይኸው እንደ ጎረምሳ ይመታል። ሌላ ምን ቀረህ?

አንዳርጌ፦ ጽሑፉ። ከኋላ ክዳኑ ላይ "ለቀኛዝማች ወልደየስ፣ ስለ ጀግንነታቸው" ብለው ይቅረጹልኝ።

ጋሽ ውብሸት፦ ወልደየስ ማናቸው?

አንዳርጌ፦ አያቴ።

ጋሽ ውብሸት፦ ቀኛዝማች ነበሩ?

አንዳርጌ፦ ሸማኔ ነበሩ።

ጋሽ ውብሸት፦ ሰዓቱስ የሳቸው ነው?

አንዳርጌ፦ ከአሮጌ ዕቃ ነጋዴ ነው የገዛሁት።

ጋሽ ውብሸት፦ ጉድ እኮ ነው። ሰዓቱ ከገበያ፣ ሹመቱ ከኪስ። ስማ፣ እኔ ሰዓት አድሳለሁ እንጂ አያት አላድስም። ውሰድልኝ።

አንዳርጌ፦ ጋሼ፣ ትርንጎን ላጣት ነው። ሽማግሌ ብልክ አባቷ አቶ ጥጋቡ "ዘሩ ማነው? የሸማኔ ልጅ ቤቴ አይገባም" ብለው መለሱብኝ። እሑድ ሽማግሌዎቹ እንደገና ሊሄዱልኝ ነው። ምን አስይዤ ልላካቸው?

ጋሽ ውብሸት፦ የሚለብሱት ጋቢ ከሰማይ የወረደላቸው መስሏቸዋል? አንተም ከሳቸው አትሻል። አባቱን ሳያውቅ አያቱን ናፈቀ አሉ። ሸማኔው አያትህ አሳፈሩህ?

አንዳርጌ፦ ያሳፈሩኝስ አቶ ጥጋቡ ናቸው። ሽማግሌዎቹ ፊት ሰዓታቸውን ፈትተው፣ ገልብጠው፣ "የማን ዘር እንደሆንኩ አንብቡ" አሉ። ትርንጎ ፎቶውን ልካልኛለች። ልክ እንደሱ አድርገው ይሥሩልኝ፤ ይኸው።

ጋሽ ውብሸት፦ "ለፊታውራሪ ድልነሳሁ..."

አንዳርጌ፦ ምነው፣ ምን አዩ?

ጋሽ ውብሸት፦ እስኪ ስልኩን አቅርበው። ይቺን "ፊ" አየሃት? እግሯ የወለገደው መቅረጫው አዳልጦኝ ነው።

አንዳርጌ፦ እርስዎ ነዎት የቀረጹት?

ጋሽ ውብሸት፦ የገዛ እጄ ይጠፋኛል? ሰዓቱንም የሸጥኩላቸው እኔ ነኝ።

አንዳርጌ፦ ፊታውራሪውስ?

ጋሽ ውብሸት፦ የምን ፊታውራሪ? ሰውየው የአያታቸውን ስም እንኳ አያውቁትም። "ግርማ ያለው ስም ምረጥልኝ" አሉኝ፣ መረጥኩላቸው። በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት ፈረስ አጎቴ ነው አለች።

አንዳርጌ፦ ታዲያ ለሳቸው ቀርጸው ለእኔ ይከለክሉኛል?

ጋሽ ውብሸት፦ ለሳቸው ሠርቼ ምን አተረፍኩ? ፊታውራሪ ካደረግኳቸው ወዲህ መንገድ ላይ ሲያዩኝ ፊታቸውን ያዞራሉ። በየለቅሶ ቤቱ "ያ ቀጥቃጭ" ይሉኛል አሉ። የአያታቸውን ክርስትና ያነሳሁት እኔ፣ ሰላምታ የሚነሱት እኔን።

አንዳርጌ፦ በሉ ክዳኑን ይግጠሙት፣ ጋሼ። ጽሑፉ ይቅርብኝ።

ጋሽ ውብሸት፦ ልብ ገዛህ?

አንዳርጌ፦ ገዛሁ። እሑድ ሽማግሌ ሆነው የሚሄዱልኝ እርስዎ ነዎት፤ የአያታቸውን የክርስትና አባት እንዴት አድርገው እምቢ እንደሚሉ እናያለን።