አራት ምስክሮች በአንድ ክፍል

ዝናብ ድንገት በወረደበት አንድ ሰኞ ጠዋት፣ በመድኃኒት መጋዘኑ ደጃፍ አንድ ሽማግሌ ኮታቸውን አውልቀው የሆነ ነገር ጠቅልለው እንደ ሕፃን ታቅፈው፣ ራሳቸው በሸሚዝ ብቻ እየበሰበሱ ሲመጡ አየሁ። ልረዳቸው ተጠጋሁ። ጋሼ ማኅተም ናቸው፤ ኮቱ የሸፈነውም የመጋዘኑን ትልቅ መዝገብ ነው።

ጋሼ ማኅተም የሚለውን ስም ማን እንዳወጣላቸው አይታወቅም። የመዝገብ ቤቱን ማኅተም በክር አስረው አንገታቸው ላይ ካንጠለጠሉት ሠላሳ ዓመት አልፎታል። እኔ መጻሕፍት ጠራዥ ነኝ፤ ሱቄ ከመጋዘኑ ፊት ለፊት ነው፤ ያንን መዝገብም እስካሁን ሦስት ጊዜ ጠርዤዋለሁ።

«ደህና አደሩ ጋሼ። ብርድ ይመታዎታል እኮ።»

«እኔ ብታመም የምሠራው መድኃኒት መጋዘን ነው። ይኼ ቢታመም ግን መድኃኒቱ አንተ ብቻ ነህ። ጀርባው ተላቅቋል፤ ለሚመጣው ሰኞ አድርስልኝ።»

በዚህ መሃል የእህታቸው ልጅ ጃንጥላ ዘርግታ ከመንገዱ ማዶ ተሻገረች። የኮምፒውተር መሐንዲስ ናት፤ መጋዘኑ ለሥራ ከጠራት ሁለት ወሯ ነው። አጎቷን ስታይ ደንግጣ ጃንጥላውን ሰጠቻቸው። ተቀበሉና መዝገቡ ላይ ያዙት። ሦስታችንም ዝናብ እየመታን፣ መዝገቡ ብቻ ደርቆ ሱቄ ገባን።

ነገሩን ለማያውቅ ላስረዳ። በከተማው አራት የመድኃኒት መጋዘኖች አሉ፤ የአራቱም መዝገብ አንድ ነው። ከአንዱ ወደ ሌላው መድኃኒት በተዛወረ ቁጥር ለጋሼ ማኅተም ይደወላል፤ እሳቸው ይጽፋሉ። ጠንቃቃ ናቸው። ለቆጠራ ሁለት ሰው ሲልኩ፣ ሁለቱ ወረቀታቸውን እስኪያስረክቡ ድረስ አብረው ሻይ እንዳይጠጡ ይከለክላሉ፤ በዚህም የተነሳ ከኋላቸው «ሻይ ከልካዩ» የሚሏቸው አሉ። ከአራት ወር በፊት ግን ከማቀዝቀዣ መውጣት የሌለበት መድኃኒት ተበላሽቶ ተገኘ። የትኛው መጋዘን ነው ውጭ ያሳደረው ተብሎ መዝገቡ ሲገለጥ፣ በዚያችው መስመር ላይ ቀለሙ ፈሷል። ዝናብ ይሁን ሰው ማን ይመስክር? ማንም ጋሼን አጥፍተዋል አላለም። «መዝገቡ በአንድ ሰው እጅ ነው» አሉ፤ ይኼው በቃ። ዓርብ የአራቱ መጋዘን ሹሞች ይሰበሰባሉ። ወይ ልጅቷ ያቀረበችውን ዘዴ ይቀበላሉ፣ ወይ በጋሼ ላይ ተቆጣጣሪ ሾመው ማኅተሙን ከአንገታቸው ያወርዳሉ።

«እንግዲህ የማልታመን ሰው ሆኜ በማሽን ልጠበቅ ነው» አሉ ጋሼ፣ ሸሚዛቸውን እየጨመቁ።

«ማሽኑ እርስዎን አይጠብቅም ጋሼ» አለች ልጅቷ። «ከሐሜት ነው የሚጠብቅዎት።»

«ሐሜት መልስ ካልሰጡት ያልፋል።»

«አራት ወሩ ነው፤ አላለፈም። እንቅልፍ አጥተዋል ብላ እናቴ ተጨንቃለች።»

«እናትሽ እኔ አለመተኛቴን በምን አወቀች? እሷ እንደሆነች ራት ሳይነሳ ነው ማንኮራፋት የምትጀምረው።»

ልጅቷ ሳቋን ዋጠችና ወንበር ስባ ተቀመጠች። «ብሎክቼይን የሚሉት ነገር ይኼ ነው» አለች። «መዝገቡ አንድ መሆኑ ይቀርና አራት ግልባጭ ይሆናል፤ በየመጋዘኑ አንድ። አዲስ መስመር የሚጻፈው ከአራቱ ሦስቱ ሲስማሙ ብቻ ነው። የተጻፈውም ከፊተኛው ጋር ይሰፋል።» ወደ እኔ ዞረች። «ከተሰፋ መጽሐፍ መሃል አንድ ቅጠል ቢጎትቱ ምን ይሆናል?»

«ክሩ ይላላና ከእሱ በኋላ ያለው ሁሉ ይወልቃል» አልኳት። ስለ ሙያዬ በመጠየቄ ደስ አለኝ፤ ሙያዬን ልታጠፋብኝ መሆኑ የገባኝ ቆይቶ ነው።

«አገር ምድሩ ሁሉ ሊያየው ነዋ?» አሉ ጋሼ።

«የለም፣ የግል ነው። ከአራቱ መጋዘን ሰዎች በቀር በሩን የሚያልፍ የለም።»

«እነዚህን አራቱንስ ማን ያስተዳድራቸዋል?»

«እያንዳንዱ ኮንቴይነር በሚባል የራሱ ሣጥን ውስጥ ይታሸጋል። ሣጥኖቹን ኩበርኔቲስ የሚባል ፕሮግራም ይመራቸዋል፤ እንደ ደህና የመጋዘን ሹም ያስቡት። አራት ይኑሩ ካልኩት አራት ያኖራል። አንዱ ቢወድቅ ማንም ሳይነግረው ሌላ ይተካል።»

«የተተካው፣ የሞተው ያየውን በምን ያውቃል?»

መሐንዲሷ አጎቷን በአዲስ ዓይን አየቻቸው። ብዙ የተማሩ ሰዎች ይህን ጥያቄ ሳይጠይቁ ያልፋሉ። «እያንዳንዱ የራሱ ስምና የጻፈውን የሚያኖርበት የራሱ ቁም ሣጥን አለው። ተተኪው በዚያው ስም መጥቶ ቁም ሣጥኑን ይከፍትና ካቆመበት ይቀጥላል።»

«ሟች ቁልፉን አስረክቦ ነው የሚሞተው በይኛ። ከዘመዶቻችን ይሻላል።»

ሽማግሌ ሲቀልድ ግማሽ መንገድ መጥቷል ማለት ነው፤ ቀሪውን ግማሽ ግን እልህ ይጠብቀዋል። ጋሼም «ወሬውን ሰማን፤ ዓይን ያላየውን አልፈርምም» ብለው ተነሡ። ዝናቡ ሲያባራ ሦስታችንም ወደ መዝገብ ቤቱ ተሻገርን።

መዝገብ ቤቱ ጠባብ ክፍል ነው፤ የካርቶን ሽታ አለው። ከጠረጴዛው ሥር ቁመቱ ጉልበት የሚደርስ ማሽን እያጓራ ተቀምጧል። ልጅቷ የራሷን ላፕቶፕ ከፈተች፤ አራት አረንጓዴ ነጥቦች ታዩ፤ ለየግልባጩ አንድ። ሃያ ካርቶን የሳል ሽሮፕ ከአንደኛው መጋዘን ወደ ሦስተኛው እንደሄደ ለሙከራ ጻፈች። ነጥቦቹ ብልጭ አሉ፤ ተመዘገበ።

«አንዱ ቢወድቅስ?»

«ሦስቱ ይቀጥላሉ።»

«ርግጠኛ ነሽ?»

«ይሞክሩት ጋሼ። የማሽኑን ገመድ ይንቀሉት።» ይህን ስትል፣ ፈተና እስኪመጣላት የቸኮለች ጎበዝ ተማሪ ትመስል ነበር።

ጋሼ ጉልበታቸው እየተንቋቋ ከጠረጴዛው ሥር ገቡና ገመዱን ነቀሉት። ማጓራቱ ቆመ። ላፕቶፑ በባትሪው እንደበራ ነው፤ በላዩ ላይ ግን አራቱም ነጥቦች ቀይ ሆኑ።



«አራቱም ታመው ነው» አሉ ጋሼ ከጠረጴዛው ሥር፣ «ወይስ እኔ ስገባ በአክብሮት ነው ሥራ ያቆሙት?»

ልጅቷ ቁልፎቹን ነካካች፤ ጆሮዋ ቀላ። «አራቱም እዚህ ማሽን ላይ ነበሩ» አለች ቀስ ብላ። «በቀሩት ሦስት መጋዘኖችም ማሽን አስገብቻለሁ፤ ሹም ያልኩት ፕሮግራም ግን ሰፊ ቦታ ያለው እዚህ ስለሆነ ሁሉንም እዚሁ አስቀመጣቸው። ቁም ሣጥናቸውም እዚሁ ነው። ይለያዩ ብዬ አላዘዝኩትም።»

ጋሼ ወጥተው አቧራቸውን አራገፉ። የፊታቸውን ደስታ ለመደበቅ እንኳ አልሞከሩም።

«ልጄ፣ አራት ምስክር አንድ ክፍል አሳድረሽ ጠዋት አራት ቃል ትጠብቂያለሽ። ቤቱ ቢፈርስ አራቱም የሉም። ባይፈርስም ሲመካከሩ አድረው አንድ ሰው ሆነዋል። እኔ ሁለት ቆጣሪ ሻይ አብረው እንዳይጠጡ ስከለክል የምትስቁት ይኼን ሳታውቁ ነው?»

«ልክ ነዎት።»

«ነኝ እንጂ።»

«ጋሼ፣ የእርስዎ መዝገብስ ስንት ክፍል ነው የሚያድረው?»

መዝገቡ የሚያድረው አንድ ክፍል ነው። የጻፈው አንድ እጅ፣ ያተመው አንድ ማኅተም፣ ዝናብ የሚያገኘውም አንድ ቀን ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሌላውን ሰው ሁሉ ያለ ሁለተኛ ምስክር ያላመኑት ሽማግሌ፣ ለራሳቸው አንድም ምስክር አላቆሙም ነበር። ያ መስመር በፈሰሰ ቀን አጠገባቸው የሚቆም ያጡት ለዚህ ነው።

ወንበር ላይ ቁጭ አሉ። «እንግዲህ እዘዢዋ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ሁለት ምስክር አንድ ቤት አይደር በይው።»

ልጅቷ ገመዱን መልሳ ሰካችና ትእዛዙን ጻፈች። አራቱ ግልባጮች እያንዳንዳቸው ቁም ሣጥናቸውን ይዘው ወደየመጋዘናቸው እስኪገቡ እኩለ ቀን ሆነ። ጋሼ ዳግመኛ ከጠረጴዛው ሥር ገብተው ገመዱን ነቀሉ። አንዱ ነጥብ ቀላ፤ ሦስቱ አረንጓዴ እንደሆኑ ቀሩ። ልጅቷ ሌላ ዝውውር ጻፈች፤ ተመዘገበ። ገመዱ ሲመለስ አራተኛው ነቃና ያመለጠውን ከሦስቱ ተቀብሎ፣ አመሳክሮ ጻፈ። ጋሼ ይህን አምስት ጊዜ አስደገሙ። በስድስተኛው ጉልበታቸው እንቢ ስላለ እኔ ገባሁላቸው።

«አሁን ደግሞ አስዋሺኝ» አሉ።

«ምን?»

«ያን ሃያ ካርቶን፣ እዚህ እኔ ቤት ያለው ግልባጭ ላይ ሠላሳ አድርጊው። እንደ ሌባ ሁኚ።»

ልጅቷ የዚያን ማሽን ቁም ሣጥን ከፍታ ስትጎረጉር ቆይታ ቁጥሩን ቀየረች። ወዲያው ነጥቡ ቀላ። ሦስቱ ግልባጮች ሃያ እንዳሉ ጸኑ፤ የኛን ከማኅበራቸው አወጡት።

«ማኅተሜን ባሳርፍበትስ?»

«ቢያሳርፉበትም።»

ማኅተሙን ከደረታቸው ላይ አንሥተው በመዳፋቸው ያዙት። «እኔ እንኳ አልችልም ማለት ነው።»

«እርስዎ እንኳ።»

«እንግዲያ አድርገሃል የሚለኝ የለም» አሉ። ከዚያም አፍንጫቸውን በመሀረብ ጠረጉ፤ እኛም የጠዋቱ ዝናብ ነው ብለን አለፍነው።

ዓርብ ዕለት ለማስረዳት የተጠራችው ልጅቷ ነበረች፤ የተናገሩት ግን ጋሼ ናቸው። እኔም ስለ መዝገቡ እንድመሰክር ተጠርቼ ተገኝቻለሁ። አንድ ካርቶን ሲንቀሳቀስ አራቱም መጋዘኖች በዚያው ሰዓት እንደሚያውቁ፣ ማቀዝቀዣ የሚሻ መድኃኒት ማን እንደተረከበው ስለማይደበቅ የተበላሸ ነገር ከበሽተኛ እጅ ሳይደርስ እንደሚያዝ፣ ዝናብ አራት ቤት በአንድ ቀን እንደማያፈርስ አንድ በአንድ አስረዱ። «ከሁሉ በላይ ግን» አሉ፣ «ነገ ተራው የማንኛችሁ እንደሆነ አይታወቅም። ንጹሕ ሰው ንጹሕነቱን የሚያሳይበት ነገር ያስፈልገዋል። እኔ አልነበረኝም።»

የሦስተኛው መጋዘን ሹም፣ ወፍራምና ነገረኛ ሰው ናቸው፤ ተነሡ። «ጋሼ፣ ሰኞ ዕለት በማሽን አልጠበቅም ሲሉ አልነበረም?»

«ሰኞ ዕለት አራቱ አንድ ክፍል ነበር የሚያድሩት።»

«ታዲያ ከእንግዲህ ቆጠራ ቀረልን?»

«ማሽኑ የተነገረውን አይረሳም፤ ውሸት ከነገሩት ግን ውሸቱንም አይረሳም። ስለዚህ ቆጠራው ይቀጥላል። ሻይ ክልከላውም ይቀጥላል።»

ድምፅ ሲሰጥ የተቃወመ የለም። የተቆጣጣሪው ነገርም ዳግመኛ አልተነሣ። ማኅተሙ ምን ይሁን የሚል ጥያቄ ሲመጣ፣ ወፍራሙ ሹም ራሳቸው «አንገታቸው ላይ ይቆይ፤ ካለሱ ማን ያውቃቸዋል?» አሉ። በቃለ ጉባኤው ላይ የመጨረሻውን ማኅተም ያሳረፉት ጋሼ ናቸው፤ እንደ ወትሮው ሁለት ጊዜ ተንፍሰውበት።

በሚቀጥለው ሰኞ ጠዋት ሱቄ መጡ። ፀሐይ ነበር፤ ኮታቸውንም ለብሰዋል። አራተኛ ጊዜ የተጠረዘውን መዝገብ ሰጠኋቸው። ጀርባውን በጣታቸው ዳበሱና መልሰው ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩት።

«አይወስዱትም?»

«አንተ ጋ ይቀመጥ። ማሽኑ ያለው መጋዘን ነው፤ ሁለቱ አንድ ቤት አያድሩም።»

ደንበኛዬን ያጣሁ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ባለአደራ ተደርጌያለሁ። ኩራት ተሰማኝና ወንበር ሳብኩላቸው። «ይቀመጡ እንጂ ጋሼ፣ ሻይ ላስመጣ።»

ከበሩ ዘወር ብለው መዝገቡን አዩ፣ ከዚያም እኔን።

«አንተ ከመዝገቡ ጋር ነህ፤ እኔ ከማሽኑ ጋር ነኝ» አሉ። «ሻይ አብረን አንጠጣም።»

መንገዱን ተሻግረው ወደ ሥራቸው ገቡ።