ጎፈሬውና መላጣው

(ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር፤ ከሰዓት በኋላ። የባቡር ጡረተኛው አቶ ዘርይሁን በረንዳቸው ላይ በሽርጥ ተቀምጠዋል፤ ፎቶ አንሺዋ ረድኤት ካሜራዋን ከቦርሳዋ ሳታወጣ ፊት ለፊታቸው ተቀምጣለች።)

ዘርይሁን፦ አይሆንም አልኩሽ እኮ! ሦስት ቀን ተመላለስሽ፣ ሦስቱንም ቀን አይሆንም አልኩሽ። አማርኛዬ ነው የማይገባሽ?

ረድኤት፦ ገብቶኛል ጋሽ ዘርይሁን። ለምን እንደማይሆን ግን አልነገሩኝም።

ዘርይሁን፦ አቦ፣ እርስዎ እያልሽ አታስረጂኝ! ድሬ ነው ያለሽው።

ረድኤት፦ አፌ እምቢ ይለኛል። የአዲስ አበባ አስተዳደግ ነው።

ዘርይሁን፦ እንግዲያው ሂጂና የአዲስ አበባ ሽማግሌ አንሺ። እዚያም ሞልቷል።

ረድኤት፦ እኔ የምፈልገው የባቡር ሰዎችን ነው። ሹፌሮቹን፣ መካኒኮቹን፣ እርስዎን ቲኬት ተቆጣጣሪውን። ሌሎቹ ጋ ሁሉ ሄጄ ነበር። ሁሉም የሚሉኝ አንድ ነው፤ “ዘርይሁን ከፈቀደ።”

ዘርይሁን፦ እንዲህ ነው እንዴ? ባቡሩ ቆሞም የማሳፍረው እኔ ነኛ!

ረድኤት፦ ስለዚህ እርስዎ እምቢ ካሉ ሥራዬ ሳይጀመር አለቀ ማለት ነው። ሁለት ዓመት ያሰብኩበት ሥራ ነው።

ዘርይሁን፦ ለስንት ጊዜ ነው አነሳችኋለሁ ያልሽው?

ረድኤት፦ አምስት ዓመት። በየጥቂት ወሩ እመጣለሁ፣ አብሬያችሁ እውላለሁ። ካርታ ጨዋታ ካለ ካርታ ጨዋታ፣ ሠርግ ካለ ሠርግ።

ዘርይሁን፦ ለቅሶ ካለስ?

ረድኤት፦ እ... ለቅሶም ቢሆን፣ ባለቤቶቹ ከፈቀዱልኝ።

ዘርይሁን፦ መጣሽልኝ! ሰባ ስምንት ዓመቴ ነው። የሰባ ስምንት ዓመት ሽማግሌ አምስት ዓመት ሙሉ የሚነሳው ምን እስኪሆን ነው? አውቄብሻለሁ።

ረድኤት፦ ኧረ በስመአብ! ኑሯችሁን ነው የማነሳው።

ዘርይሁን፦ እውነቱን ንገሪኝ፣ ማን ይቀድማል ብለሽ ገመትሽ? የካርታ ጓደኛዬን ካሳዬን ከሆነ አልፈርድብሽም። ሰሞኑን መልኩ አላማረኝም።

ረድኤት፦ አቶ ካሳዬም ስለ እርስዎ ይህንኑ ነው ያሉኝ።

ዘርይሁን፦ ምቀኛ! ድሮም ምቀኛ ነው።

ረድኤት፦ ጋሽ ዘርይሁን፣ ቀልዱን ይተዉትና እውነተኛውን ምክንያት ይንገሩኝ። ሞት የሚፈሩ አይመስሉኝም።

ዘርይሁን፦ ሞትን ማን ፈራው? የምፈራው ፎቶውን ነው። የመካኒኩ የበላቸው ለቅሶ ላይ አልነበርሽም። ልጆቹ የአባታቸው ፎቶ ጠፋባቸውና የመታወቂያውን ትልቅ አስደርገው ይዘው ወጡ። አንድ ዓይኑ ተጨፍኗል፣ አፉ ተከፍቷል። አልቃሾቹ ፎቶውን እያዩ ደረታቸውን ሊመቱ ይላሉ፣ ሳቃቸው ይመጣል። ሬሳው ራሱ ከፎቶው ይሻል ነበር!

ረድኤት፦ ይቅርታ... ሳቄ አመለጠኝ።

ዘርይሁን፦ ሳቂ፣ ያኔም ያልሳቀ የለም። እኔ ግን የዚያኑ ዕለት ቤቴ ገብቼ የራሴን አዘጋጀሁ። ያንን ፍሬም ከግድግዳው ላይ አውርጂልኝ እስቲ።

ረድኤት፦ ይሄ... እርስዎ ነዎት?

ዘርይሁን፦ ታዲያ ማን ሊሆን ነው? ስልሳ ስድስት ዓመተ ምሕረት። ጎፈሬውን እይልኝ! ኮፍያዬን በብብቴ የያዝኩት ለምን ይመስልሻል? በጎፈሬው ላይ አልገባ ብሎኝ ነው!

ረድኤት፦ የእውነት ያምራሉ። ትከሻዎ ላይ ያለው ግን ምንድን ነው?

ዘርይሁን፦ የቱ?

ረድኤት፦ ይሄ። የሰው ጣቶች ናቸው። የቀረው ገላ በመቀስ ተቆርጦ ወጥቷል።

ዘርይሁን፦ እሱ... ወንድሜ ነው። አብረን ነበር የተነሳነው።

ረድኤት፦ ወንድምዎ ጥፍራቸውን ቀለም ይቀቡ ነበር?

ዘርይሁን፦ ፎቶ አንሺ ነሽ ወይስ ፖሊስ? አምጪው ወዲህ! ዋናው ነገር፣ ስሞት የሚያዘው ፎቶ ይሄ ነው። አንቺ አምስት ዓመት መላጣዬን ስታነሺ ከርመሽ፣ የዚያን ቀን ልጆቼ “አዲሱ ይሻላል” ቢሉስ? አገር ሁሉ መላጣዬን እያየ ይሸኘኝ?

ረድኤት፦ እርስዎ አይተው አይሆንም ያሉት ፎቶ ከእጄ አይወጣም። ቃሌ ነው።

ዘርይሁን፦ ሁሉንም አይሆንም ብልስ?

ረድኤት፦ አምስት ዓመት ካርታ ስጫወት ከረምኩ ማለት ነዋ።

ዘርይሁን፦ ቆይ፣ ቆይ። እስቲ ቀና በይ። ዕድሜዬን ቲኬት ስፈትሽ ነው የኖርኩት። ያለ ቲኬት የተሳፈረ ሰው ስጠጋው በመስኮት ወደ ውጭ ያያል። አንቺ ደግሞ ከተቀመጥሽ ጀምሮ ባለቤቴ ያለችበትን ወጥ ቤት ነው የምታዪው። ምን አለችሽ?

ረድኤት፦ ምንም አላሉኝም።

ዘርይሁን፦ ቲኬት!

ረድኤት፦ እንዳትነግሪው ብለውኛል እኮ።

ዘርይሁን፦ ቲኬት አልኩሽ!

ረድኤት፦ እሺ በቃ። የመጀመሪያ ቀን እርስዎ ሲያባርሩኝ፣ ወይዘሮ ፀዳለ በር ላይ ጠብቀው ያዙኝ። “ተስፋ እንዳትቆርጪ፣ ነገም ነይ። ያ ሰውዬ ፎቶ የለውም” አሉኝ።

ዘርይሁን፦ ፎቶ የለውም? ይሄ ምኔ ነው ታዲያ?

ረድኤት፦ “ያንን ጎፈሬ አላውቀውም። እኔ ያገባሁት መላጣውን ነው። ያን ጎረምሳ ፊቴ አቁመው አልቅሺ ቢሉኝ ማንን ብዬ አለቅሳለሁ?” አሉ።

ዘርይሁን፦ እንዲህ አለች?

ረድኤት፦ ስለ ጣቶቹም አንድ ነገር ብለዋል።

ዘርይሁን፦ ስለ ጣቶቹ? ምን አለች?

ረድኤት፦ “የጣቶቹ ባለቤት ትምጣና ታልቅስለት።”

ዘርይሁን፦ አይ ፀዳለ! እኔ እኮ አላየችውም ብዬ... ይሄን ሁሉ ዓመት አንድ ቀን ሳትተነፍስ!

ረድኤት፦ የፍሬሙን አቧራ የሚጠርጉት እሳቸው አይደሉ?

ዘርይሁን፦ ስሚኝ ልጄ። በዚህ ፎቶ ላይ ያለው ልጅ ባቡር ነበረው። ሲገባ ሰው ሁሉ ቀና ብሎ ያየዋል፣ የፉርጎው ጫጫታ ጸጥ ይላል። አሁን ባቡሩም የለ፣ ፀጉሩም የለ። የቀረው በረንዳ ላይ ሽርጥ አገልድሞ የሚውል ሽማግሌ ነው። እሱ እንዲታይብኝ አልፈልግም። አፍራለሁ፣ በቃ።

ረድኤት፦ ወይዘሮ ፀዳለ ባቡር አላገቡም።

ዘርይሁን፦ ምላስሽስ! ለመሆኑ ምን ሳደርግ ነው አንሺልኝ ያለችሽ?

ረድኤት፦ ጠዋት ጠዋት ፓፓያ ሲልጡላቸው።

ዘርይሁን፦ እሱንም ነገረችሽ? ካሳዬ ከሰማ አለቀልኝ!

ረድኤት፦ “ፍሬውን ያወጣል፣ ሎሚ ይጨምቅበታል። ትልቁን ቁራጭ ለራሱ ሊያነሳ ይልና ዞር ብሎ ያየኛል፤ ከዚያ ለእኔ ይሰጠኛል። የዚያን ጊዜውን ፊቱን ነው የምፈልገው” አሉ። ደግሞ በአንድ ቀን የሚገኝ ፊት አይደለም አሉኝ። ካሜራ ካየ ይኮሳተራል፣ እስኪለምድሽ ታገሺው ብለውኛል።

ዘርይሁን፦ ከነሽርጤ?

ረድኤት፦ ከነሽርጥዎ።

ዘርይሁን፦ ኮፍያዬን ባደርግስ? አሁን እኮ ራሴ ላይ ይገባል።

ረድኤት፦ ፓፓያ ለመላጥ?

ዘርይሁን፦ እሺ፣ እሺ። ነገ በጠዋት ነይ። ለነካሳዬም ዘርይሁን ፈቅዷል በያቸው። ደግሞ የካሳዬን ሚስት ለብቻዋ አነጋግሪያት፤ እሱም የሚደብቀው አያጣም። እኔ ብቻ ልዋረድ እንዴ?

ረድኤት፦ ተባረኩልኝ! ፍሬሙን ልመልሰው?

ዘርይሁን፦ ፎቶውን አውጥተሽ ለእኔ ስጪኝ። ፍሬሙን ባዶውን ስቀይው።

ረድኤት፦ ባዶውን?

ዘርይሁን፦ ባዶውን። አምስት ዓመት ነው ያልሽኝ?

ረድኤት፦ አዎ፣ አምስት።

ዘርይሁን፦ አስር አድርጊው። ያን ፊቴን ቶሎ እንዳታገኚው አውቄ አስቸግርሻለሁ።